ከባሕር ወዲያ፦ ክፍል ሰባት፣ ነጩ ሳጥን

ባለፈው ሳምንት የቤት ሠራተኛዋን ዘሀራን የተውናት ጂዛን ወደብ በር ላይ ነበር፤ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) በመዳም ቦርሳ፣ ፖሊሱ በፊቷ። ነገሩ እንደተፈራው አልሆነም። መዳሟ ኡሙ ፈይሰል የመኪናውን መስታወት ዝቅ አድርጋ ካርዱን አቀበለች፤ ፖሊሱ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየና በእጁ አሳለፋቸው። መርከቡ ሰውንም መኪናንም በነፃ ነው የሚያሻግረው፤ መታወቂያ የሌለው ግን አይሳፈርም።

ጉዞው የመዳም ባል የአቡ ፈይሰል ሐሳብ ነው። ሰውዬው ጂዛን ኢኮኖሚክ ሲቲ ውስጥ፣ ቤይሽ አጠገብ ባለው ነዳጅ ማጣሪያ በፈረቃ ይሠራል። ማጣሪያው በቀን 400,000 በርሜል ድፍድፍ እንዲያጣራ የተሠራ ነው፤ ዘሀራ ሌሊት ሰገነት ላይ ልብስ ስትሰበስብ ከሩቅ የሚንቦገቦገውን እሳት ታየዋለች። ዘንድሮ የሰውዬው ዕረፍት ከሐሪድ ዓሣ በዓል ጋር ገጠመለትና እናቱን ሐጃን ወደ ተወለደችበት ወደ ፋራሳን ደሴት ሊወስዳት ቆረጠ። ልጁ ፈይሰል "እኔም ከጓደኛዬ ጋር እመጣለሁ" አለ። ትንሿ ሊን ደግሞ ሚዳቋ ካላየሁ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ ነው የከረመችው።

ጓደኛው ናይፍ ይባላል። ከሩቅ ከተማ የመጣ፣ እጁ ላይ የሰዓት ዓይነት የሚቀያይር ልጅ ነው። ይዞት የመጣው ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆች በረዶ የሚሞሉት ነጭ ትልቅ ሳጥን። "ሐሪድ ሞልቼ ነው የምመለስ" አለ። ማንም ምንም አላለውም። በበዓሉ ሰሞን ሳጥን ያልያዘ ሰው ነው የሚገርመው።

ዘሀራ ከሐጃ ጎን ተቀመጠች። አሮጊቷ በራሷ ዙሪያ የጠመጠመችው የፉል አበባ ጉንጉን የመርከቡን የናፍጣ ሽታ አሸንፎታል። በመስኮቱ ውኃው አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁር ሆነ።

"ትፈሪያለሽ?" አለቻት ሐጃ።

"ውኃ አላውቅም፣ ሐጃ። እኔ የመጣሁት በአውሮፕላን ነው።"

ይህ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት። እሷ በኮንትራት በላዩ በረረች፤ ወንድሟ ሰይድ ግን በዚህ ባሕር ላይ በጀልባ ነው የተሻገረው። ከባቲ ወደ ሚሌ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግርም በመኪናም ኦቦክ፣ ከኦቦክ የመን። ሰይድ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በየመን ሰዓዳ ግዛት፣ ሐበሾቹ ራጉ ከሚሉት የድንበር ገበያ ነበር። "ነገ ተራራውን እንወጣለን፤ ለእማዬ አትንገሪያት" አላት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። ክፍል አምስትን ያነበበ ያስታውሳል፤ አቡ አሪሽ ገበያ ላይ አንዲት የከሚሴ ልጅ "ፋራሳን ደሴት ላይ እስቲራሃ (የእንግዳ ማረፊያ) የሚጠብቅ ሐሰን የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ከወንድምሽ ጋር ራጉ አብሮ ነበር" ያለቻት ለዚህ ነው ትርጉም ያለው። ኡሙ ፈይሰል "ፋራሳን እንሄዳለን፣ ዕቃ አዘጋጂ" ስትላት ዘሀራ ኩሽና ገብታ ሁለት ረከዓ የሰገደችውም ለዚያው ነው።

"አያቴ ሉል ጠላቂ ነበር" አለች ሐጃ ባሕሩን እያየች። "አፍንጫውን ቆንጥጦ፣ እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ ይወርዳል። የጃፓኖቹ ሉል መጣና ገበያውን ገደለው። እሱን ግን ባሕሩ አልገደለውም፤ አልጋው ላይ ነው የሞተው።" ሳቀች። ጥርሶቿ ጥቂት ናቸው።

*

ፋራሳን ተራራ የለውም፤ ከባሕር ሥር የወጣ የጥንት ኮራል ድንጋይ ነው፣ ጠፍጣፋ። ወንዝ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ዓለት ላይ ሮማውያን ወታደር አስፍረው ነበር ቢባል ማን ያምናል? ደሴቱ ላይ የተገኘው የላቲን የድንጋይ ጽሑፍ ግን እ.ኤ.አ. በ144 አካባቢ የተቀረጸ ነው። እኛ በአዱሊስ ወደብ ዝሆን ጥርስ ስንሸጥ እነሱ እዚህ ተቀምጠው የሚያልፈውን መርከብ ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው። ይህን ባሕር የሚጠብቅ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ አቡ ፈይሰል ወደ ቃሳር መንደር ነዳ። በቴምር ዛፎች መሐል የቆመ የድንጋይ መንደር ነው፤ የደሴቱ ሰዎች በበጋ ቴምር ለመልቀም የሚሰፍሩበት የነበረ፣ ዛሬ ታድሶ ለጎብኚ የተከፈተ። ሐጃ የአንዱን ቤት በር ቁመት በእጇ ለካች። "እዚህ ነው ራሴን የመታኝ" አለች፤ ማንን እንደምትወቅስ አልታወቀም።

ሚዳቋዎቹን ያገኙት ከመንደሩ ወዲያ፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው። ሊን ናት ያየቻቸው። በመጀመሪያ ዘሀራ ድንጋይ መስሏት ነበር። ከዚያ ድንጋዩ ጆሮውን አነቃነቀ። አምስት ነበሩ፤ ትንንሾች፣ ጀርባቸው ቡናማ፣ ሆዳቸው ነጭ፣ በጎናቸው ላይ ጥቁር መስመር። ከግራር ሥር ቆመው ጫፍ ጫፉን ይቀነጥባሉ። የባቲ ልጅ ለሚዳቋ እንግዳ አይደለችም፤ በሚሌ መንገድ በጭነት መኪና ስትሄድ በአፋር ሜዳ ላይ ሲፈተለኩ አይታለች። እነዚያ ሰው ሲያዩ ይጠፋሉ። እነዚህ ግን ቀና ብለው ተመለከቱና መብላታቸውን ቀጠሉ።

"ለምን አይሸሹም?" አለች ሊን።

መልሱን የሰጣት የጥብቁ ስፍራ ጠባቂ ነው። አረጀ ያለ ፒክአፕ አቁሞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ፤ ሐጃን እጇን ስሞ ሰላም አላት። የደሴቱ ልጅ ነው፤ አባቱን ታውቀዋለች።

"በዚህ ደሴት ጅብ የለም፣ ነብር የለም፣ ቀበሮም የለም" አለ። "የሚፈሩት ነገር አልነበራቸውም። ጠላታቸው መኪናና ውሻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው።"

"ውኃስ ከየት ይጠጣሉ?" አለች ሊን።

"ቅጠሉ ላይ ካለው እርጥበት። ሌሊት ጤዛ ይወርዳል፤ ጎህ ሳይቀድ ይልሱታል።"

ሰውየው መናገር ይወዳል፤ የሚናገረውም ነበረው። ደሴቶቹ ከተከለሉ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከሚዳቋው ሌላ በማንግሮቭ ጫካው ውስጥ ፔሊካን ይራባል፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ዱጎንግ የሚባል ሣር በል የባሕር እንስሳ አለ፤ የባሕር ኤሊዎች አሸዋው ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኔስኮ ፋራሳንን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ ከሳዑዲ የመጀመሪያው ነው። ዘሀራ ይህን ሁሉ በግማሽ ጆሮ ነበር የሰማችው፤ ዓይኗ የሐሰን እስቲራሃ ወዴት በኩል እንደሆነ ይፈልጋል። አንዱን ነገር ግን በሙሉ ጆሮዋ ሰማች።

"ግልገል ብታገኙ እንዳትነኩ" አለ ጠባቂው። "እናቱ ትደብቀውና ትሰማራለች። ግልገሉ መሬት ላይ ለጥ ብሎ አይንቀሳቀስም፤ ሰው እናቱ የጣለችው ይመስለዋል። አልጣለችውም። በቀን ጥቂት ጊዜ እየመጣች ታጠባዋለች።"

"የት ነው የምትደብቀው?" አለ ናይፍ።

"ቁጥቋጦ ሥር፣ ድንጋይ ጥግ።"

"እናቱ ምን ያህል ትርቃለች? ሌሊትስ እዚያው ነው የሚያድረው?"

ጠባቂው ልጁን አየው። "የሚገርም ጥያቄ ነው" አለ፣ ከዚያም ለሁሉም እንደሚናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ፦ "በ2020 የወጣው ሕግ ቀልድ አያውቅም። የአካባቢ ጥበቃ ልዩ ኃይል የሚባል አለ፤ ብርቅዬ አውሬ የነገደ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 30 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ይጠብቀዋል።"

"ማሻአላህ" አለ አቡ ፈይሰል። ሐጃ ጣልቃ ገባች። "እኛ በልጅነታችን ለዒድ እናርደው ነበር" አለች፣ ያለ ምንም ሀፍረት። ጠባቂው ሳቀ። "የናንተ ቆንጆ ዘመን ነው ቁጥራቸውን ያሳነሰብን፣ ሐጃ።"

ናይፍ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ካርታ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ አንድ ቀይ ምልክት ወጣ። ዘሀራ ከኋላው ስለነበረች አየችው።

*

ሐሰንን ያገኘችው የሄዱበት እስቲራሃ በር ላይ ነው። አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ከደሴት ደሴት ስትዞር መኖር ትችል ነበር። በሩን የከፈተላቸው ሽማግሌ ሽርጥ ታጥቆ፣ የሪያድ ቡድን ማሊያ ደርቦ ነበር። ዘሀራ ሻንጣ ስታወርድ "ቢስሚላህ" ከማለቷ በፊት በአማርኛ "ኧረ እኔን!" አለች፣ ጣቷን በር ቆንጥጧት። ሽማግሌው ዘወር አለ።

"የወሎ ልጅ!" አለ።

ማታ ቤተሰቡ ከበላ በኋላ ከኋላ በረንዳ ተገናኙ። ዘሀራ መጋሽ የተሠራበትን የድንጋይ ድስት እያጠበች፣ ሐሰን ቆሻሻ ሊወስድ እንደመጣ ሆኖ።

"አባ ሐሰን፣ ሰይድን ያውቁታል? የባቲው ሰይድ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው።"

ሽማግሌው ፌስታሉን አስቀመጠ። ብዙ ዝም አለ።

"አንቺ እህቱ ነሽ?"

"ነኝ።"

"አውቀዋለሁ። አብረን ነው ተራራውን የወጣነው።" ወደ ቤቱ ውስጥ ተመለከተ፤ ኡሙ ፈይሰል በስልክ ትስቃለች። "ልጄ፣ ይህ ቆሜ የምነግርሽ ነገር አይደለም። ነገ ጠዋት ሁሉም ሐሪድ ይወጣሉ። ያን ጊዜ ቁጭ ብለን ከራሱ እስከ እግሩ እነግርሻለሁ።"

"በሕይወት አለ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ!"

"ዘሀራ!" ብላ መዳም ጠራቻት። ሐሰን ፌስታሉን አንሥቶ ሄደ። ሰውየው ኢቃማ የለውም፤ ደሴቱ የደረሰውም በዓሣ አጥማጅ ጀልባ፣ በሌሊት ነው። ድምፅ በሰማ ቁጥር መራቅ ልማዱ ሆኗል።

ያን ሌሊት ዘሀራ አልተኛችም። ሐጃም አልተኛችም፤ ግቢው ውስጥ ፍራሽ አስነጥፋ ወደ ባሕሩ ዞራ ተቀምጣ ነበር። የፋራሳን ሽማግሌዎች ሐሪድ ከመምጣቱ በፊት ከባሕሩ የሚነሣ ልዩ ሽታ አለ ይላሉ፤ በሽታው ነው ቀኑን የሚያውቁት። ሐጃ ይህን ሽታ በአፍንጫዋ ይዛ ልትሞት ትፈልጋለች። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ መኪና መብራቱን ሳያበራ ከግቢው ወጣ። ጎህ ሲቀድ ተመለሰ።

*

ጠዋት ሐሲስ የባሕር ወሽመጥ ሰው በሰው ሆነ። ይህን ዘሀራ በኋላ በሊን ስልክ ነው ያየችው፤ ወንዶቹ በመረብና በቅጠል ዓሣውን ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይነዱታል፣ ምልክት ሲሰጥ ወጣቱ ሁሉ እየጮኸ ይገባል። እሷ ግን ምሳ እንድታሰናዳና ዕቃ እንድትጭን ቀረች። ሐጃ ሄደች፤ ፈይሰል ደግፏት።

ናይፍ ከሁሉ በኋላ ወጣ። ነጩን ሳጥን ኩሽና በር ላይ አስቀመጠው፤ ክዳኑ በቡናማ ፕላስተር ተጠምጥሟል።

"ዓሣ ነው። እንዳትከፍቺው፣ በረዶው ይቀልጣል። መርከቡ ላይ አንቺና ሐጃ የምትቀመጡበት፣ ሴቶቹ ጋ ይሁን። የሚጠይቅሽ ካለ ያንቺ ዕቃ ነው።" 50 ሪያል ዘረጋላት። ዘሀራ አልተቀበለችም፤ ብሩን ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ሄደ።

ሐሪዱ ገና ከባሕር አልወጣም። ዓሣው ከየት መጣ?

ሳጥኑ ተንኳኳ።

ለስለስ ያለ፣ ደረቅ ኳኳታ፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም። ዘሀራ ቢላዋ አንሥታ ፕላስተሩን ሰነጠቀችው። ግልገሉ እግሮቹ በጨርቅ ታስረው፣ በጎኑ ተኝቶ፣ ዓይኑ ፈጦ ነበር። አየር እንዲገባ ከሥር ሁለት ቀዳዳ ተበስቷል። ስትነካው አልተንቀሳቀሰም፤ ጠባቂው እንዳለው ለጥ አለ። ልቡ ግን በእጇ ሥር ይሮጣል።

ሐሰን ከበሩ ላይ ቆሞ አየ።

"ያ ረቢ" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦ "ሳጥኑ የማን ነው ብለው ሲጠይቁ ማን ነው የሚባለው፣ ልጄ?"

"የኔ።"

"የአንቺ።" ተቀመጠ። ሊነግራት የመጣው ነገር በአፉ ላይ ነበር፤ ታየዋለች። "ሰይድ..." አለና አቋረጠው። "አይሆንም። ይህ እያለ አይሆንም። ፀሐይዋ ሳትበረታ እናቱ ጋ መድረስ አለበት። ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ሌሊት የመኪናውን ፋና አይቻለሁ።"

"አባ ሐሰን፣ እርስዎ ወረቀት የለዎትም!"

"አንቺስ ምን አለሽ? ኢቃማሽ በሰው ቦርሳ ነው።" ሽርጡን ከላይ ፈትቶ ግልገሉን ጠቀለለው፤ ከሥር ሱሪ ለብሶ ኖሯል። "አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እመለሳለሁ። ቡናውን አፍልተሽ ጠብቂኝ። የሰይድን ነገር ሳልነግርሽ መርከብ አትሳፈሪም።"

ሞተር ብስክሌቱ በቴምሮቹ መሐል ጠፋ። ዘሀራ ትላንት ከገበያ የተገዛውን ዓሣ ከማቀዝቀዣው አውጥታ ሳጥኑን ሞላች፤ በረዶ ጨመረች፤ ፕላስተሩን በቀድሞው መስመር መልሳ ጠመጠመችው። ቡናውን ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች። ጀበናው ሁለት ጊዜ ሞቀ። ሐሰን አልመጣም። የመጣው የአቡ ፈይሰል መኪና ነው፤ ልብሳቸው ጨው ጨው የሚሸት፣ ደስተኛ ቤተሰብ ይዞ። "ቶሎ ጫኑ፣ መርከቡ ይቀድመናል!"

*

የፋራሳን ወደብ ከጂዛኑ ያነሰ ነው። ሰልፉ ግን ረዝሟል፤ ያን ቀን ፍተሻ ነበር። የልዩ ኃይሉ መኮንን መኪና በመኪና እያስከፈተ መጣ። ዘሀራ ናይፍን አየችው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ፈይሰል ግን ስልኩን ብቻ ነው የሚያየው።

"ይህ ሳጥን የማን ነው?"

"የሠራተኛዋ" አለ ናይፍ።

"የኔ ነው" አለች ዘሀራ።

መኮንኑ በኪሱ ቢላዋ ቆረጠው። ክዳኑ ተነሣ። ዓሣና በረዶ። ናይፍ አንገቱን አስግጎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ፤ መጀመሪያ ዕረፍት፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር። ዘሀራ ላይ አፈጠጠ።

መኮንኑ ክዳኑን ግን አልመለሰም። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያቸው። ሽማግሌ ሰው፣ እጁ በካቴና፣ ፒክአፕ ጀርባ ላይ። ጭኑ ላይ በሽርጥ የተጠቀለለ ነገር፤ ከሽርጡ ሁለት ጆሮ ወጥቷል።

"ይህ ሰው ቃሳር አጠገብ ግልገል ይዞ ተያዘ። ኢቃማ የለውም። ግልገሉን እየመለስኩ ነበር ይላል፤ ከማን እንደተቀበለ ግን አይናገርም። ያደራችሁበት እስቲራሃ ጠባቂ ነው። የሚያውቀው አለ?"

"ሌባ ነው" አለ ናይፍ ፈጥኖ። "ምን ጥያቄ አለው?"

"ማታ በሩን የከፈተልን ሰው ነው፤ ሌላ አናውቅም" አለ አቡ ፈይሰል። ኡሙ ፈይሰል የዘሀራን ክንድ በጥፍሯ ያዘች። ቁንጥጫው "ዝም በይ" ማለት ነው፤ በሦስት ቋንቋ ይገባል።

"እሱ ዛሬ ወደ ጂዛን ይሻገራል፤ ከምርመራው በኋላ ተርሂል ነው፤ ይባረራል" አለ መኮንኑ። ዘሀራ ፎቶውን አየች። የሰይድ ነገር፣ ከራሱ እስከ እግሩ፣ በዚያ ካቴና ውስጥ ነው።

"እኔ አውቀዋለሁ" አለች። "ግልገሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው ያገኘሁት።"

መኮንኑ እጁን ዘረጋ። "ኢቃማ።" ከመዳም ቦርሳ ወጣ፣ በመኮንኑ ኪስ ገባ። "ውረጂ። አንቺ አትሳፈሪም።"

መርከቡ ጥሩምባውን ነፋ። ናይፍ ሳቀ፤ "አያችሁ፣ ራሷ አመነች!" አለ። ያን ጊዜ የኋላው በር ተከፈተ። ሐጃ ከዘራዋን አስቀድማ ወረደች፣ የፉሏ ጉንጉን በአንድ ወገን ተንጋድዶ።

"ልጄ" አለችው መኮንኑን፣ "ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ነበርኩ። ሐሪድ ሳሸት ነው ያደርኩት። መብራት አጥፍቶ መኪናውን ያስነሣውን አይቻለሁ፤ ሳጥኑን ተሸክሞ የገባውንም አይቻለሁ።"

"እማማ፣ መኪና ውስጥ ግቢ!" አለ አቡ ፈይሰል።

ናይፍ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የሐጃ ከዘራ ግን እሱን አልፎ ሄደ፤ ስልኩን ገና ካላስቀመጠው የልጅ ልጇ፣ ከፈይሰል ደረት ላይ አረፈ።

(ይቀጥላል)